«ትዝታ»፦ የቃሉ አመጣጥና የዘፈኑ ስንኞች አተረጓጐም

በአማርኛ ዘፈን ውስጥ «ትዝታ» የተባለውን ያህል በሁሉ ዘንድ የታወቀ፣ ትርጒሙ ሲጠየቅ ግን እንደ እርሱ የሚያስቸግር ቃል ጥቂት ነው። ዘፋኙም አድማጩም ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል። ተርጓሚው ብዕሩን ሲያነሣ ወይም መዝገበ ቃላት አዘጋጁ ካርዱን ሲሞላ ነው ችግሩ የሚገለጠው። ስሙ በአንድ ጊዜ የአእምሮ ሥራ፣ የልብ ሕመም፣ የዘፈን ዐይነትና የዜማ ቅኝት መጠሪያ ሆኖ ይገኛልና። ይህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የቃሉን አመጣጥ፣ ቀጥሎም የዘፈኑ ስንኞች በየዘመኑ እንዴት እንደ ተተረጐሙ ይመረምራል።

ከሥርወ ቃሉ እንነሣ። «ትዝታ» ከየት መጣ ለሚለው ጥያቄ የግእዝ አንቀጽ ፍለጋ የሚሄዱ አሉ። በእኛ አስተያየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ መልሱ በራሱ በአማርኛ ውስጥ ይገኛል። አማርኛ «አለ» ከሚለው ግሥ ጋር እየተጣመሩ የሚነገሩ፣ ብቻቸውን የማይረቡ ቃላት አሉት፦ ዝም አለ፣ ጸጥ አለ፣ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፣ እሺ አለ፣ እምቢ አለ፣ ቸል አለ፣ እልል አለ። ከእነዚህ ስም ሲወጣ «-ታ» የሚለው ምዕላድ ይቀጠላል፤ ዝምታ፣ ጸጥታ፣ ከፍታ፣ ዝቅታ፣ እሺታ፣ እምቢታ፣ ቸልታ፣ እልልታ ይባላል። «ትዝ አለ» እና «ትዝታ» የዚሁ ሰልፍ አባላት ናቸው። ከዚህ የጠራ ርባታ እያለ ሌላ ምንጭ መፈለግ ቤት ውስጥ ያለውን ዕቃ ገበያ ወጥቶ እንደ መጠየቅ ነው። በድምፅ ስለሚቀራረብ ብቻ ቋንቋውን የሚማሩ የውጭ አገር ሰዎች ከ«ትዝታ» ጋር የሚያምታቱት «ትዝብት» ደግሞ «ታዘበ» ከሚለው የወጣ ስለሆነ ዝምድና የለውም።

ነገር ግን የተዘረዘሩት ጥምር ግሦች ሁሉ ጠባያቸው አንድ አይደለም። «ዝም አለ» ባልን ጊዜ ዝም ያለው ሰው የግሡ ባለቤት ነው። «ትዝ አለኝ» ስንል ግን አስታዋሹ ሰው ባለቤት አይደለም፤ በተሳቢነት በ«-ኝ» ተመልክቷል። ባለቤቱ የታሰበው ነገር ነው። እናቴ ብትታወሰኝ «እናቴ ትዝ አለችኝ» እላለሁ፤ ግሡ የሚስማማው ከእናቴ ጋር እንጂ ከእኔ ጋር አይደለም። ከሩቅ አገር የተመለሰ ሰው ወዳጁን «ትዝ አልኩህን?» ብሎ ቢጠይቀው ሥራውን የሠራው ጠያቂው፣ ሥራው የደረሰበት ተጠያቂው ነው። ይኸው ዐረፍተ ነገር ወደ እንግሊዝኛ ወይም ወደ ፈረንሳይኛ በልማድ ሲመለስ ባለቤትና ተሳቢ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ «አስታወስከኝን?» ሆኖ ይወጣል። ስሕተት ነው ለማለት አይቻልም፤ ሆኖም የዘፈኑ ምሥጢር የተቀመጠበት አንጓ ከዚያ ላይ ይፈታል።

ትእዛዙንም እንመልከት። አንድን ሰው «አስታውስ!» ብሎ ማዘዝ ይቻላል። በ«ትዝ አለ» ግን አስታዋሹን ማዘዝ አይቻልም፤ ለማለት የሚቻለው «ትዝ ይበልህ» ብቻ ነው፤ ይህም ትእዛዙን ወደ ሰውዬው ሳይሆን ወደ ነገሩ የሚመልስ ነው። ማስታወስ የሰው ሥራ ሲሆን ትዝታ የሚመጣ እንግዳ ነው፤ መቼ እንደሚመጣ የሚወስነው እርሱ ነው። ከጥምሮቹ መካከል በዚህ ጠባይ ከ«ትዝ አለኝ» ጋር የሚመሳሰሉት «ደስ አለኝ» እና «ቅር አለኝ» ናቸው። ስለዚህ ደስታና ትዝታ በሰዋስው ረገድ እኅትማማች ስሞች ናቸው፤ ሁለቱም ሰው ላይ ይደርሳሉ እንጂ ሰው አያደርጋቸውም። አማርኛ በመርሳት ረገድም ሁለት መንገድ አለው፤ «ረሳሁት» እና «ተረሳኝ»። የመጀመሪያው ጥፋቱን ያምናል፤ ሁለተኛው ነገሩ በራሱ እንደ ሄደ ይናገራል።

መዝገበ ቃላት ለሚያዘጋጅ ሰው ይህ ዐይነት ቃል የቦታም ችግር አለበት። ከኢዘንበርግ (እ.ኤ.አ. 1841)፣ ከአንቷን ዳባዲ (እ.ኤ.አ. 1881) እና ከጒይዲ (እ.ኤ.አ. 1901) ጀምሮ እስከ ደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» (1962 ዓ.ም.) ድረስ አማርኛን በመዝገብ ያሰፈሩ ሊቃውንት ሁሉ ሥራቸውን በግሥ ላይ የመሠረተ የሴም ቋንቋዎች ወግ ነበራቸው። «ትዝ» ግን በራሱ አይረባም፤ የሚረባው «አለ» ነው። «አለ»ን ዋና ቃል ቢያደርጉ በመቶ የሚቈጠር ጥምር ከአንድ ራስ ሥር ሊከማች ነው፤ «ትዝ»ን ራስ ቢያደርጉ ብቻውን ተነግሮ የማያውቅ ቃል ራስ ሆነ ማለት ነው። በእኛ አመለካከት ሁለተኛው ይሻላል፤ ፈላጊው የሚፈልገው በሚሰማው ፊደል ነውና።

አሁን ወደ ዘፈኑ እንመለስ። ትዝታ የቅኝት ስም መሆኑ የታወቀ ነው። ከአምባሰል፣ ከባቲና ከአንቺሆዬ ጋር ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች አንዱ ሲሆን አምስት ድምፆች አሉት፤ በዘመናዊው አጻጻፍ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ተብለው ይነበባሉ። ሦስተኛውና አምስተኛው ድምፅ በግማሽ ዝቅ ሲሉ ሙዚቀኞች «ማይነር» የሚሉት ሁለተኛው የትዝታ መልክ ይገኛል። (በነገራችን ላይ «ቃኘ» የሚለው ግሥ ክራርን ለመቃኘትም፣ ወታደር ጠረፍን ለመቃኘትም ያገለግላል፤ ሁለቱም አስቀድሞ መንገድን መፈተሽ ነውና አንዱ ለሌላው ባዳ አይደለም።) ስለዚህ «ትዝታ ተጫወተ» ሲባል ቅኝቱን፣ በቅኝቱ የሚዘፈነውን የታወቀ ዘፈን፣ ወይም በዚያ ቅኝት የተሠራ ሌላ ማናቸውንም ዜማ ማለት ሊሆን ይችላል። ክራር ይዛ የተጫወተችው አስናቀች ወርቁም ሆነች ካሣ ተሰማ፣ በኋላም በባንድ የዘፈኑት ማሕሙድ አሕመድ፣ በዛወርቅ አስፋውና አስቴር አወቀ ሁሉም «ትዝታ» የሚል ስም ያለው ዘፈን አላቸው፤ ስንኞቹ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያሉ።

ብዙ ተርጓሚዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ስለሆነ ጥቂት እንቈይበት። ትዝታ አንድ ደራሲ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የደረሰው ግጥም አይደለም። እያንዳንዱ ሐረግ ስድስት ስድስት ቀለም እየሆነ፣ ስንኙ በዐሥራ ሁለት ቀለም የሚመታበት፣ ወል ቤት የምንለው የግጥም ዐይነት ነው፤ ሁለት ስንኝ ቤት ሲመታ አንድ ግጥም አለቀ ማለት ነው። ዘፋኙ ከሕዝብ ጎተራ ያወጣቸውን፣ አንዳንዱንም ራሱ የፈጠራቸውን ሁለት ሁለት ስንኞች እንደ ስሜቱና እንደ አድማጩ ያሰካካቸዋል። በአንዱ ቤት የሚናገረው የተከዳ ወዳጅ፣ በሚቀጥለው እናቱን የሚያስብ መንገደኛ፣ ከዚያ ቀጥሎ ዕድሜው የገፋ ሰው ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ በአማርኛ የቃል ግጥም የመጀመሪያው ስንኝ ብዙ ጊዜ ማንደርደሪያ ነው፤ ስለ ተራራ፣ ስለ ፈረስ ወይም ስለ እህል ተናግሮ ቤቱን ያዘጋጃል፤ ቁም ነገሩ በሁለተኛው ይወድቃል። ይህን ልማድ የማያውቅ ተርጓሚ ማንደርደሪያውን ከቁም ነገሩ ጋር በግድ ሊያያይዝ ሲሞክር፣ ወይም ዐሥር ቤቶችን የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ አድርጎ ሲያነብ፣ በምንጩ የሌለ ታሪክ ይፈጥራል።

ይህን አነባበብ ያጠናከረው፣ ሳያስበው፣ ሸክላው ይመስለናል። በ45 ዙር የሚሽከረከር ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው የጥቂት ደቂቃ ድምፅ ብቻ ነው። በሠርግ ቤትና በጠጅ ቤት እስከ ፈለገው ሰዓት ይረዝም የነበረው የስንኝ ሰንሰለት ከሸክላ ሲገባ ተቈረጠ፤ የተቈረጠውም በተቈረጠበት ቅደም ተከተል ጸና። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 በስሙ የሚጠራውን የሸክላ ማሳተሚያ ከመሠረተ በኋላ፣ ቀጥሎም ካሴት በተስፋፋበት ጊዜ፣ አድማጩ የአንድን ዘፋኝ ትዝታ «የእከሌ ትዝታ» ብሎ በቃሉ መያዝ ጀመረ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ ሥራው ዐሥረኛውን ዲስክ እ.ኤ.አ. በ2002 ለትዝታ ሲሰጠው፣ የውጭው አድማጭ የተቀበለው ይህንኑ የረጋ መልክ ነበር። በዚያ ዲስክ ርእስ ላይ ትዝታ ከ«ብሉዝ» ጋር ተጐራብቷል። ለገበያ የሚረዳ ጉርብትና ነው፤ የሁለቱም መነሻ ሐዘን መሆኑ እውነት ነውና። ለመዝገበ ቃላት ግን አይበቃም። የብሉዝ ዘፋኝ ሐዘኑን «የእኔ ነው» ብሎ ሲናገር፣ የትዝታ ዘፋኝ በአመዛኙ «አንተ» ወይም «አንቺ» ብሎ ሌላውን ያናግራል።

ይህ «አንተ» ማን ነው? በሰፊው የሚታወቀው የዘፈኑ መክፈቻ ተፈቃሪንና ትዝታን አንድ ያደርጋቸዋል፤ ትዝታዬ ራስህ ነህ ይለዋል። ከዚያ አስከትሎ ትዝታን በአፍራሽ ግሥ ይናገራል። እንዲሁ ሲሰሙት ተቃርኖ ይመስላል፤ አሁን አለ ያለውን ወዲያው የለም ብሏልና። በውጭ ቋንቋ «ትውስታ የለኝም» ብለው የተረጐሙት ሰዎች ዘፋኙን ዝንጉ አድርገውታል። መፍቻው ግን በአንዲት ፊደል ላይ ነው። ግሡ የሚነገረው በ«-ኝ» ሳይሆን በ«-ብኝ» ነው። አማርኛ ልጅ፣ ገንዘብና ወዳጅ «አለኝ» ይላል፤ ዕዳ፣ ሕመምና ቀጠሮ ግን «አለብኝ» ይላል። ዝናም ለገበሬው ሲጠቅም «ዘነበልኝ»፣ እህሉን ሲያበላሽ «ዘነበብኝ»፤ ዳኛ «ፈረደልኝ»፣ «ፈረደብኝ»። በ«-ብ-» የተነገረ ነገር በሰውዬው ላይ የተጫነ ነው። እንግዲህ ዘፋኙ የሚለው ከአንተ በቀር ሌላ የሚከብደኝ ትዝታ የለም ነው፤ ዕዳው አንድ፣ ባለ ዕዳውም አንድ ነው። ይህን «-ብኝ» በአንድ ቃል የሚመልስ የአውሮፓ ቋንቋ አናገኝም፤ ተርጓሚው ሸክምን የሚያሳይ ግሥ መርጦ ሊተካው ይገባል።

ሁለተኛው አስቸጋሪ ግሥ «ቀረ» ነው፤ በትዝታ ስንኞች ደጋግሞ ይገኛል። «ቀረ» በአንድ በኩል ሳይመጣ ቀረ ማለት ነው፤ በሌላ በኩል እዚያው ቀረ፣ ማለት ባለበት ኖረ ነው፤ ደግሞም ተረፈ፣ «ትንሽ ቀረ» እንደሚባለው፤ እንዲሁም ከልማድ ወጣ፣ «ይህ ባህል ቀረ» እንደሚባለው። ለእንግሊዝኛ አንባቢ ባለበት መቈየትና አለመገኘት ተቃራኒዎች ናቸው። ለአማርኛ አንድ ነገር ናቸው፤ ቋንቋው የሚናገረው በሚጠብቀው ሰው ዐይን ነውና። እዚያ የኖረው እዚህ አልመጣም። በዚህ ላይ «-ብኝ» ሲታከልበት፣ «ቀረብኝ» ሲባል፣ አለመምጣቱ በጠባቂው ላይ የደረሰ ጉዳት ሆኖ ይነገራል። ዘማች ወይም ነጋዴ ከሄደበት ሳይመለስ ሲዘገይ ሰው «በዚያው ቀረ» ይላል፤ ሞተ አይልም፤ አለም አይልም። ይህን ቃል ለመተርጐም የሚነሣ ሰው መጠንቀቅ ያለበት ቋንቋው ክፍት የተወውን በር እንዳይዘጋ ነው። «ሞተ» ብሎ መተርጐም ተስፋውን ይቈርጣል፤ «ዘገየ» ብሎ መተርጐም ሐዘኑን ያቀልላል።

ይህ በር ክፍት መሆኑ በታሪክ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በፊት የትዝታን ስንኝ የሰማ ሰው በአብዛኛው የሚያነበው በፍቅር ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ በአዲስ አበባ የሰዓት እላፊ ዐዋጅ የሌሊት ጨዋታን በዘጋበት፣ በብዙ ቤት ልጅ ወጥቶ ሳይመለስ በቀረበት፣ ሌላውም ወደ ስደት በተበተነበት ዘመን፣ አንድም ቃል ሳይለወጥ የስንኙ ፍች ተለወጠ። «ቀረህ» የተባለው ወዳጅ ያልተመለሰው ልጅ ሆነ። በዋሽንግተንና በአውሮፓ ከተሞች ለተሰበሰበው ስደተኛ ደግሞ ትዝታ የአገር ስም ሆነ። በሰምና ወርቅ ላደገ አድማጭ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 «ሰምና ወርቅ» ብሎ ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ልማድ የአማራ ባህል ቁልፍ አድርጎ ቈጥሮታል። ሆኖም በትዝታ ላይ ሰምና ወርቅን ስንናገር ልክ ማበጀት ያስፈልጋል። በቅኔ ቤት ወርቁን ባለቅኔው ራሱ አስቦ ይቀብረዋል፤ አስተማሪውም ቈፍሮ ያወጣዋል። በትዝታ ግን ብዙ ጊዜ ወርቁን የሚያስገባው አድማጩ ነው። ስለዚህ ተርጓሚ «የዚህ ስንኝ ወርቁ አገር ነው» ብሎ በግርጌ ቢጽፍ ከዘፈኑ በላይ ተናግሯል።

ሰዋስውም የሚያዘው ነገር አለ። ተናጋሪው «አንቺ» ካለ ሴት ወዳጅም፣ እናትም፣ አገርም ልትሆን ትችላለች፤ አገርን በእንስታይ መጥራት ልማዳችን ነውና። «አንተ» ካለ ግን አገር ትርቃለች፤ ወንድ ወዳጅ፣ ዘመን፣ ወይም ራሱ ትዝታ ይቀርባል። በዚህ ላይ ወንዶች ዘፋኞችም ቢሆኑ መክፈቻውን በ«አንተ» ሲዘፍኑት እንሰማለን። ምክንያቱ ሁለት ይመስለናል። አንደኛው፣ የሚያናግሩት ትዝታን ራሱን እንደ ሰው አቁመው ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ በአማርኛ የቁልምጫ ወግ ሴትን በወንድ፣ ወንድን በሴት አንቀጽ መጥራት የፍቅር ምልክት ነው። ወደ እንግሊዝኛ የሚተረጕም ሰው ይህን ሁሉ ሳያየው ያልፋል፤ የዚያ ቋንቋ ተውላጠ ስም ጾታ አይለይምና። ወደ ዕብራይስጥ የሚተረጕም ግን ማምለጫ የለውም፤ በዚያም ቋንቋ «አንተ» እና «አንቺ» ይለያያሉ። በእስራኤል የሚኖሩ፣ በሁለቱም ቋንቋ ያደጉ ወጣቶች ይህን ሥራ ቢይዙት የአንቀጹን ጥያቄ ከማናችንም ይልቅ በግልጽ ያዩታል ብለን እናምናለን። ወላጆቻቸው በጎንደር ሳሉ ኢየሩሳሌምን ሲናፍቁ ኖረው፣ ከደረሱ በኋላ ደግሞ ትዝታ የሚሆንባቸው የተዉት መንደር መሆኑም ለቃሉ ተጨማሪ ምስክር ነው።

ስለ አቻ ቃላት ጥቂት እንበል። «ኖስታልጂያ» የሚለው ቃል እ.ኤ.አ. በ1688 ዮሐንስ ሆፈር በባዝል ከተማ ለሕክምና መመረቂያው ከግሪክ «መመለስ» እና «ሕመም» ከሚሉ ሁለት ቃላት ያበጀው የበሽታ ስም ነበር፤ በሽተኞቹም ከአገራቸው የራቁ የስዊስ ሰዎች ነበሩ። በቃሉ ውስጥ ቤትና መመለስ አሉ። በ«ትዝታ» ውስጥ ሁለቱም የሉም፤ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ትዝታ ሊይዘው ይችላል። የፖርቱጋሎች «ሳውዳድ»፣ ንጉሣቸው ዱዋርቴ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ምንነቱን በጽሑፍ የመረመረው ቃል፣ ከዚህ ይልቅ ይቀርባል። ሆኖም እርሱም በይበልጥ ወደ «ናፍቆት» ያደላል። ናፍቆት ወደ ፊት ያያል፤ የናፈቁትን ማግኘት ይመኛል። ስለዚህ የሚመጣ እንግዳ ይናፈቃል፤ ገና ያልመጣ እንግዳ ግን ትዝ ሊል አይችልም። «ትካዜ» ደግሞ ሐዘኑን እንጂ የታሰበውን ነገር አይጠቅስም፤ ሰው ምክንያቱን ሳያውቅ ሊተክዝ ይችላል። «ትዝታ» ያለ ሐዘንም ይኖራል፤ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ካዩትና ከሰሙት የ1896–1922 ዓ.ም. ታሪክ ሲጽፉ «የዘመን ታሪክ ትዝታዬ» ማለታቸው የሚያሳዝን ነገር ብቻ ጻፉ ማለት አይደለም። ሐዘኑን በቃሉ ላይ የጨመረበት ዘፈኑ ነው፤ ከዘፈኑም ወደ ዕለት ንግግር ተመልሷል። ዛሬ አንድ ሰው «ትዝታ ቀሰቀሰብኝ» ሲል «-ብኝ»ን ያመጣው ከዚያው መንገድ ይመስለናል።

ስለዚህ ለመዝገቡ የምናቀርበው ካርድ እንደሚከተለው ነው፦ ትዝታ፣ ስም፤ ዝ ጠብቆ ይነበባል፤ «ትዝ አለ» ከሚለው የወጣ። ፩. ያለፈ ነገር ሳይጠሩት ወደ ልቡና መምጣቱ፤ የመጣውም ነገር። ፪. በጽሑፍ የተመዘገበ የራስ ዘመን ትውስታ። ፫. የሄደን ወይም የቀረን ሰው፣ ዘመን ወይም ስፍራ እያነጋገሩ በወል ቤት የሚዘፈን ዘፈን። ፬. ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት፤ ከአራቱ ዋና ቅኝቶች አንዱ። ናፍቆትና ትካዜ «ተመልከት» ተብለው ይጠቈሙ እንጂ በፍችነት አይግቡ።

ተርጓሚዎች በበኩላቸው በሦስተኛውና በአራተኛው ፍች ጊዜ ቃሉን ሳይተረጕሙ እንዲያስገቡት እንመክራለን። የውጭ ቤተ መጻሕፍትና የሸክላ ማውጫዎች በላቲን ፊደል ከሦስት በማያንስ መልክ ስለሚጽፉት፣ አንዱ በሌላው ስለማይገኝ፣ የፊደል አገባቡ መወሰን ይኖርበታል። የአማርኛ ጽሕፈት መጥበቅን ስለማያሳይ አብዛኞቹ አንድ «ዝ» ብቻ ጽፈዋል። የሚነገረው ሁለት ስለሆነ ሁለት እንዲጻፍ፣ የመጀመሪያዎቹም ሁለት ፊደላት ሳድስ መሆናቸው እንዲታይ፣ ለመጪው የቃላት ኮሚቴ ስብሰባ ሐሳብ ቀርቧል።